ኧረ አይቸገሩ ብዬ ያጣሁት ወንበር

የልጅ ልጄ የሺመቤት ልትወልድ የነበረው ሰኔ ሃያ ሦስት ቀን ነበር። ሐኪሞቹ ያሉት ይህን ነው፤ የባቡር መቀመጫ የሚያከፋፍለው «መንገዴ»ም የመዘገበው ይህንኑ ነው። እኔም ከአዳማ ሮቤ የሚያደርሰኝን ወንበር ከሦስት ወር በፊት ለሰኔ ሃያ ሁለት አስይዤ፣ ቁጥሩን አልጋዬ ራስጌ ላይ ለጥፌ፣ ማታ ማታ እሱን እያየሁ ነበር የምተኛው። ለሕፃኑ ግን ቀጠሮውን የነገረው ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መምጣት ጀመረ።

የደወለልኝ ባሏ በዳሶ ነው። ነጠላዬ ላይ የተሰካው አዝራር ሁለት ጊዜ ነዘረኝና ድምፁ መጣ።

«እማማ፣ አይደንግጡ።»

እንዲህ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው እስካሁን አላየሁም።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ምጥ ጀምሯታል። ሐኪሟ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትገላገላለች ብላለች።»

«ትኩሳት አላት? ውኃ ጠጥታለች? እግሯን አልብሳችኋል?»

«እማማ...»

«ካልሲ አድርግላት በዳሶ። ሮቤ ብርድ ነው።»

ከኋላው «አምጣው፣ አገናኘኝ» ስትል ሰማኋት። ቀጥሎ ትንፋሿ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«እምዬ፣ ደግሞ እንዳታረፍጂ!»

ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተቆርጦ ወደ ማቃሰት ሄደ፤ መስመሩም ተዘጋ።

«ደግሞ» ያለችው ወድዳ አይደለም። የሺመቤት ራሷ የተወለደች ቀን፣ ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት፣ ሦስት ሰዓት ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ታጥባ፣ ተጠቅልላ፣ ጡት ጠብታ ተኝታ ነው ያገኘኋት። ይህንን የነገርኳት እኔው ነኝ፣ ምን አፌን እንዳስከፈተኝ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ላመጣት አንድ ደቂቃ ከቆየሁ «ስወለድም አርፍደሻል» ነው። እናቷ ምሕረት የመርከብ መሐንዲስ ናት፤ የዓመቱን ግማሽ ባሕር ላይ ናት። ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እጇን የምይዘው እኔ እንደሆንኩ ገና በአሥር ዓመቷ ቃል አስገብታኛለች።

ከአዳማ ወደ ሮቤ ጠዋት አራት ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ ባቡር አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ቀጣዩ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አውቶቡስ ከቀረ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ የአርሲ መንገድም ሾፌር ለሌላቸው የጭነት መኪኖች ከተተወ ቆይቷል። እንግዲህ ያለኝ ያ የጠዋቱ ባቡር ብቻ ነበር፤ እሱም ሞልቷል።

አዝራሬን ነካሁትና «መንገዴ» አልኩ።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ሶሊያና» አለኝ።

ስሜ ሶሊያና ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። እኔ ስወለድ ሶሊያና የሕፃን ስም ነበር፤ አሁን ስሙን የሰማ ሁሉ ከዘራዬን ነው የሚያቀብለኝ። የዘመኑ ልጆች ደግሞ የጥንቱን ስም ከየት ቆፍረው እንዳወጡት እንጃ፣ የእኔዋ የሺመቤት ናት፣ ጓደኞቿ አስካለና ውድነሽ ናቸው።

«ማንነትዎን ለማረጋገጥ እባክዎ ፊትዎን ያሳዩ።»

አሳየሁ።

«ፊትዎ ከተመዘገበው ፊት ጋር አልተመሳሰለም። እባክዎ ግንባርዎን ያላሉ።»

ግንባሬን በእጄ ወጠርኩት። አልተመሳሰለም። ለካ ስመዘገብ ጎረቤቴ ኤልዳና ከኋላ ቆማ ስታስቀኝ ነበር፤ መንገዴ የሚያውቀው የሚስቅ ፊቴን ነው። እንግዲህ ልጅ ምጥ ላይ ተኝታ ከየት አምጥቼ ልሳቅ? ግድግዳውን ደበደብኩ። ኤልዳና በሌሊት ልብሷ መጣች። የጠራኋት ለምን እንደሆነ ስነግራት ምንም አልገረማትም፤ በእኛ ሕንፃ ሰው ትኬት ሲቆርጥ አንዱ አንዱን ማሳቅ የተለመደ ነው። አራተኛ ፎቅ ያለው መምህር ሲመዘገብ አልቅሶ ስለነበር እሱን የሚያስለቅሰው ሰው ነው የሚፈለገው።

«አሥረኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና ላይ ስምሽን ብቻ ጽፈሽ የወጣሽውን ልንገረው?» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ ይሰማል!»

«ስሟንም ተሳስታ ነው የጻፈችው።»

ሳቅሁ። «ተመሳስሏል» አለ መንገዴ።

ቀጥሎ ሰው መሆኔን ለማረጋገጥ የሚያሳስቡኝን ሦስት ነገሮች እንድናገር ጠየቀኝ። የሺመቤት ደሟ አነስተኛ መሆኑን፣ በዳሶ ሲደነግጥ ቁልፍ የሚጠፋበት መሆኑን፣ የሮቤ ብርድን፣ ምሕረት ያለችበት ባሕር ማዕበል እንዳይኖረው፣ የሕፃኑን እምብርት፣ ኤልዳና በሌሊት ልብሷ ደረጃ ላይ ብርድ እንዳይመታት...

«ሦስት ይበቃል» አለኝ። በትሕትና ነው ያለው።

በወረፋው አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስተኛ ሆንኩ። ቁጥሩ ሲወርድ እያየን ቆየን። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ዝናብ ጀመረና «ግንኙነትዎ ተቋርጧል፤ ከመጀመሪያው ይጀምሩ» አለ። ሰው ጨረቃ ላይ ስንዴ ዘርቷል፤ አዳማ ላይ ዝናብ ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል። እንደገና ፊት፣ እንደገና ፊዚክስ፣ እንደገና ስጋት። በሁለተኛው ዙር ስጋቶቼን አሳጥሬ ብናገር «ከዚህ በፊት የተናገሯቸው ስለሆኑ ሌላ ይናገሩ» አለኝ። አልቸገረኝም።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው መንገዴ ጉሮሮውን የጠረገ መሰለኝ።

«ወይዘሮ ሶሊያና፣ አንድ ሰው ጉዞውን ሰርዟል። ለእርስዎ የሚሆን አንድ መቀመጫ አለ። ይወስዳሉ?»

ይህን እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። ያሳደጉኝ ሰዎች፣ አንድ ነገር ሲቀርብልሽ እጅሽን ቶሎ አትዘርጊ ብለው ነው ያሳደጉኝ። ምግብም ይሁን፣ ወንበርም ይሁን፣ ጥላም ይሁን፣ መጀመሪያ አይሆንም ይባላል፤ ሰጪው ይለምናል፤ ሁለተኛም አይሆንም ይባላል፤ በሦስተኛው ተገዶ ይወሰዳል። አፌ ይህን ሲያደርግ ሰባ ዓመቱ ነው፣ እኔን አይጠይቀኝም።

«ኧረ አይቸገሩ ልጄ» አልኩት። «ሌላ ሰው እንዳይጎዳ።»

«ስለ ቀና መልስዎ እናመሰግናለን። መቀመጫው ለሌላ ተሳፋሪ ተሰጥቷል። መልካም ቀን።»

ኤልዳና አፏን ከፍታ አየችኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለማሽን ነው ይሉኝታ የያዘሽ?»

«ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ...»

«ማን? እሱ? እናቱ ናት ሁለቴ መጠየቅ ያስተማረችው?»

ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ። ለኤልዳናም ነግሬያት የማላውቀውን ነገር ያን ጊዜ ነገርኳት። የሺመቤት የተወለደች ቀን ታክሲ አጥቼ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰውዬ ነጭ መኪና አቁሞ «እናቴ፣ ወዴት ነው? ላድርስዎት» ብሎኝ ነበር። «ኧረ አይቸገሩ» አልኩት። ሰውየው ቸኩሎ ነበር መሰለኝ ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ በሩን ዘግቶ ሄደ። በእግሬ ነው የሄድኩት። ሦስቱ ሰዓት ያ ነው።

ኤልዳና ሳቋን ያዘችው፤ ከዚያ አልቻለችም፤ እኔም አልቻልኩም። ስንስቅ መንገዴ «ፊትዎ ተመሳስሏል» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ተነሺ» አለችኝ ኤልዳና። «ጣቢያው ድረስ ሂጂ። የመጨረሻ ደቂቃ ወንበር ከተገኘ የሚደርሰው በቅርብ ለቆመ ሰው ነው። ባለፈው ልጄ ባቡሩ ሳይነሣ ቦርሳውን ሊያስተካክል ብድግ ሲል መንገዴ ወንበሩ ባዶ ነው ብሎ ለሌላ አልሰጠበትም? በሩ አጠገብ የነበረ ሰው ነው የወሰደው። ሂጂ፣ አንድ ብድግ የሚል አይጠፋም!»

የሱፍ ካልሲውን፣ የገንፎውን ዱቄት፣ አንድ ብርሌ ማርና የሕፃን ቆብ በዘንቢል ይዤ ወጣሁ። ኤልዳና ከደረጃው አናት «በመጀመሪያው አዎ በይ! ሰማሽ? በመጀመሪያው!» እያለች ጮኸች። ሕንፃው በሙሉ ሰምቷል።

የአዳማ ጣቢያ ንጹሕ ነው። የሚጮህ የለም፣ የሚጋፋ የለም፣ ሎሚ የሚሸጥ የለም። ወለሉ እግርን ያውቃል፤ ወንበር ያለው ሰው ሲረግጠው አረንጓዴ ይበራል፣ የሌለው ሲረግጠው ቀይ። ሰዉ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጥሎ ነው የሚሄደው። እኔ በገባሁበት በኩል እስከ አጥሩ ድረስ ቀይ በቀይ ሆነ። አጥሩ ሥር እንደ እኔ ቀይ ላይ የቆሙ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ደረታቸው ላይ ያለውን አዝራር በእጃቸው ሸፍነው፣ እንደሚጸልይ ሰው ቆመዋል። አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል። በዳሶ «ደህና ናት፣ እየበረታባት ነው» ብሎ ላከልኝ። ሁለቱ ነገር እንዴት አብሮ እንደሚሄድ አልገባኝም።

ከአጥሩ ወዲያ አረንጓዴ ላይ አንድ ቁመተ ረጅም ሰውዬ ቆሟል። አርባ ዓመት ይሆነዋል። በሁለት እጁ የችግኝ ሣጥን ታቅፏል፣ በክርኑ ደግሞ አንድ ለብቻዋ በቆርቆሮ የተተከለች የፖም ችግኝ ይዟል። ቆርቆሮዋ ልትወድቅበት ነው። እኔ ደግሞ የሚወድቅ ነገር አይቼ ዝም ማለት አልችልም።

«ልጄ፣ በግራህ! በግራህ ያዛት!»

ያዛትና ወደ እኔ ዞረ። ወደ እግሬ አየ።

«እማማ፣ ማንን እየጠበቁ ነው?»

«ወንበር።»

ነገሩን ነገርኩት። ምጡንም፣ ማሽኑንም፣ ነጭ መኪናውንም። አጥር ላይ ተደግፌ ለማላውቀው ሰው ያን ሁሉ መናገሬ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሰውየው ሳቀ፣ ግን ደግ ሳቅ ነው።

«እኔ ጉታ እባላለሁ፣ ሮቤ ነው የምሄደው» አለኝ። «ለአንድ ተሳፋሪ ሁለት ሸኚ ይፈቀዳል። በዚህ መስመር ስመላለስ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አንድም ሰው ሸኝቶኝ አያውቅም። ይሸኙኛ!»

«ኧረ አይሆንም፣ ምን በወጣህ...»

«ስለ እናትዎ እማማ፣ ይቺን ቆርቆሮ እንኳን ይያዙልኝ።»

ሰው ሲሆን ሁለተኛ ይጠይቃል። «እሺ» አልኩ።

ጉታ አዝራሩን ነክቶ ስሜን ተናገረ፤ ከእግሬ ሥር ያለው ቀይ ወደ ቢጫ ተቀየረ። ሸኚ ቢጫ ነው፣ ዘጠኝ ደቂቃ አለው፣ እስከ ፉርጎው በር ድረስ ብቻ። ቆርቆሮዋን ታቅፌ ከጎኑ ሄድኩ። የማላውቀውን ሰው ዝም ብሎ መሸኘት ስለከበደኝ «ሚስት አለህ? ቁርስ በልተሃል? መስኮት አጠገብ አትቀመጥ፣ ይመታሃል» አልኩት። «እሺ እማማ» አለኝ ለሁሉም። ስምንት ዓመት ሙሉ የቀረበት ነገር ይህ መሆኑን እስከዚያ ቀን እንዳላወቀ በኋላ ላይ ነገረኝ።

የሦስተኛው ፉርጎ በር ክፍት ነበር። ጉታ ሣጥኑን ይዞ ገባና ወንበሩ ሥር አስገባው፣ ራሱም ተቀመጠ። ቆርቆሮዋን ላቀብለው አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አድርጌ ራሴን ወደ ውስጥ አስገባሁ።

ስልሳ አራት ሰው። አንድም የሚያወራ የለም። ጆሯቸውን ደፍነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በየወንበራቸው ላይ እንደ ተሰፉ ሆነው ተቀምጠዋል። ባቡሩ እስኪነሣ የተንቀሳቀሰ ወንበሩን ያጣል፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አያይም። ማየት መዘዝ አለው። የእኔም ሐሳብ ቆርቆሮዋን ሰጥቼ፣ ጉታን ስሜ፣ ወጥቼ ማልቀስ ነበር።

በሩ አጠገብ የተቀመጠች ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ዓይኗን ገለጠች። ነጠላ የለበሰች፣ ነጭ ፀጉር ያላት፣ ችግኝ የታቀፈች አሮጊት ከፊቷ ቆማለች። ሴትየዋ ያሰበችው ነገር ያለ አልመሰለኝም። አካሏ ብቻ ነው የተነሣው።

«ኖር!» አለች። ብድግ ብላለች።

ያን ቃል ባቡር ውስጥ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ ነው! ከአጠገቧ ያለው ጎልማሳ ድምፁን ሰምቶ፣ ለማን እንደሆነም ሳያይ ተነሣ። «ኖሩ እማማ!» ከኋላው ሁለት ወጣቶች ጆሯቸው ተደፍኖ እንኳን ሰው ሲነሣ አይተው ተነሡ። ከእነሱ ኋላ ያሉት ደግሞ እነሱን አይተው። እንደ ማዕበል ሄደ፤ እስከ ፉርጎው መጨረሻ «ኖር! ኖር! ኖሩ!» እኔ ከአሁን አሁን ሽኝቱ አብቅቷል እባላለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ጉታ ራሱ ከወንበሩ ብድግ ብሏል። ማንም አላዘዘም። ስልሳ አራት ሰው ቆሞ እያየኝ ነው።

በዚህ ጊዜ ጣራው ተናገረ፤ «በሦስተኛው ፉርጎ ስልሳ አራት መቀመጫዎች ተለቅቀዋል።»

የእኔም አዝራር ነዘረ፤ «ወይዘሮ ሶሊያና፣ አንድ መቀመጫ ተገኝቷል። ይወስዳሉ?»

እኔ ግን የማየው የቆመውን ሕዝብ ነው። ለኖር የሚሰጠው መልስ ደግሞ አንድ ነው፤ አፌ ሰባ ዓመት ያጠናው።

«ኧረ በእግዜር! በእግዜር ተቀመጡ፣ እኔ ደህና ነኝ!»

«ስለ ቀና መልስዎ እናመሰግናለን» አለ መንገዴ።

ጉታ ጭንቅላቱን ያዘ። «እማማ! ለእኛ ነው ለእሱ ነው የመለሱት?»

ፉርጎው ገና አሁን ገባው። ስልሳ አራት ሰው ወንበሩን እንደለቀቀ አወቀ። ነገር ግን ወንበሩ የሚሰጠው በቅርብ ላለ ሰው ነው ብለናል፤ ከቆሙት ሰዎች የበለጠ ለእነዚያ ወንበሮች ቅርብ የሆነ ማን አለ? የሁሉም አዝራር በአንድ ላይ ነዘረ። «ይወስዳሉ?» «ይወስዳሉ?» «አዎ!» «አዎ!» «አዎ!» ፉርጎው የዶሮ ቤት መሰለ። አብረው ከተሳፈሩ ባልና ሚስት ለባልየው አንደኛ ረድፍ ደረሰው፣ ለሚስትየዋ አሥረኛ፤ «አዜብ፣ እዚህ ነኝ!» እያለ ይጣራል። አንዱ የራሱን ወንበር መልሶ አግኝቶ እንደ ሎተሪ ጨበጨበ።

የእኔ አዝራር እንደገና ነዘረ። «ወይዘሮ ሶሊያና፣ ሌላ መቀመጫ ተገኝቷል። ይወስዳሉ?»

ያቺ መጀመሪያ የተነሣችው ሴት ክንዴን ያዘችኝ።

«አዎ ይበሉ እማማ!»

«አዎ ይበሉ!» አለ ጉታ። «አዎ ይበሉ! አዎ!» አለ ፉርጎው በሙሉ፤ ምጡን ከጉታ ሰምተውታል፣ ጉታ በዚያች ደቂቃ ለሁሉም እየጮኸ ሲናገር ነበር።

«አዎ» አልኩ። ድምፄ አልወጣም።

«ይቅርታ፣ መልስዎ አልተሰማም።»

«አዎ! አዎ ልጄ፣ እወስዳለሁ! አዎ!»

«መቀመጫ ሠላሳ አንድ» አለኝ። «መልካም ጉዞ።» ከእግሬ ሥር አረንጓዴ በራ።

በሩ ግን አልተዘጋም። ሰው ከወንበር አንድ በልጧል፤ የቆመ ሰው ካለ ባቡሩ አይነሣም። ሁሉም ዞር ዞር ብሎ አየ። መተላለፊያው መሀል አራት ዓመት የማይሞላት ጌጤነሽ የምትባል ልጅ ቆማለች። እናቷ ወንበር አግኝታለች፤ ልጅቱ ግን አዝራሯ «ይወስዳሉ?» ብሎ ሲጠይቃት «አልፈልግም!» ብላዋለች። በዚያ ዕድሜ ለሁሉም ነገር የሚሰጡት መልስ ይህ ነው። መንገዴም አመስግኗታል።

«ነይ» አልኳትና ጭኔን መታ መታ አደረግሁ።

«አልፈልግም» አለችና መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች። በሩ ተዘጋ።

ባቡሩ አራት ደቂቃ ዘግይቶ ተነሣ። በመስመሩ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው መዘግየት ነው ተብሎ ጣራው ይቅርታ ጠየቀን። ምክንያቱንም ነገረን፤ «ምንነቱ ያልታወቀ የጅምላ መነሣት።» ፉርጎው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ጆሮውን መልሶ የደፈነ ሰው አላየሁም። ቆሎ ከአንድ ረድፍ ወደ አንድ ረድፍ ሄደ። አዜብና ባሏን ለማገናኘት አምስት ሰው ቦታ ተቀያየረ። ከአሰላ በላይ ዝናቡ አባርቶ ሜዳው አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ሲታይ አንዱ ስለ አያቱ ማውራት ጀመረ፣ ሌላው ቀጠለ። እኔ በመስኮት የሚገባውን ንፋስ ለጌጤነሽ በነጠላዬ እከልል ነበር። ወንበሬ ብቻ አልተረጋጋም።

«ወይዘሮ ሶሊያና፣ ከተሳፈሩ ወዲህ አሥራ አምስት ኪሎ ጨምረዋል። እባክዎ ጤናዎን ይከታተሉ።»

«እየተከታተልኩ ነው» አልኩት። ልጅቱን እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር ድምፅህን ቀንስ አልኩት።

ሰባት ሰዓት ከአሥራ አምስት ሮቤ ገባን። ጉታ ዘንቢሌን ተሸክሞ እስከ መንገዱ አደረሰኝና ያቺን የቆርቆሮ ፖም ዘረጋልኝ።

«ለሕፃኑ።»

«ኧረ...» አልኩ። አየኝ። አየሁት። «እሺ» ብዬ ተቀበልኩ። እየተሻሻልኩ ነበር።

የሐኪም ቤቱ በር ፊቴን ሊያይ ሲል ቀድሜ ሳቅሁለት። «ወደ ማዋለጃ ክፍል መግባት ይ...» ብሎ ሳይጨርስ «አዎ!» ብዬ አለፍኩ።

የሺመቤት በላብ ተነክራ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ፣ በአንድ እግሯ ብቻ ካልሲ አድርጋ ተኝታለች። በዳሶ ሁለተኛውን ካልሲ በእጁ ይዞ ክፍሉን ይዞራል፤ እንዳልኩት ደንግጧል። አየችኝ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ሰባት ተኩል።»

«አላረፈድሽም» አለችና እጄን ጨበጠችው። ያ ጭብጥ አሁንም ጣቴን ያመኛል፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ልጅ መጣች። ጮኸች። ጤነኛ ናት፤ ጣቶቿን ሁለት ጊዜ አየኋቸው፣ ሁሉም አሉ። እልልታዬን በመስኮት የሰማ ሰው ከታች ሆኖ መለሰልኝ። ምሕረት ባሕሯ ላይ ሆና በአዝራሩ ውስጥ ታለቅሳለች፤ ማዕበል የለም አለችኝ ሳልጠይቃት።

አዋላጇ ሕፃኗን ጠቅልላ ለበዳሶ እናት ለወይዘሮ ቦንቱ ሰጠቻት። ወይዘሮ ቦንቱ ጨዋ ሴት ናት፣ የባሌ ሰው፣ እንደ እኔው ያደገች። ከጠዋት ጀምራ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። መጀመሪያ መታቀፍ የእሷ ነው፤ የልጇ ልጅ ናት። ታዲያ ከወንበሯ ብድግ አለችና ሕፃኗን ወደ እኔ ዘረጋች።

«እርስዎ ይታቀፏት፣ ከሩቅ የመጡት እርስዎ ነዎት።»

የሚቀጥለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ «ኧረ አይሆንም፣ እርስዎ ይያዙ» እላለሁ። እሷ «በፍጹም» ትላለች። እኔ ሁለተኛ እምላለሁ። እሷ ሦስተኛ ትለምነኛለች። ሕፃኗ መሀል ላይ ትጮኻለች። ወይዘሮ ቦንቱ ለሁለተኛው ልመና ትንፋሽ ስትስብ አይቻታለሁ።

«አዎ» አልኩና ወሰድኳት።

የወይዘሮ ቦንቱ ክንዶች እንደተዘረጉ ቀሩ። አፏም እንደዚያው። የሺመቤት ከአልጋዋ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ስትስቅ፣ በዳሶ ካልሲውን ጥሎ ሊደግፋት ሲሮጥ፣ እኔ በወይዘሮ ቦንቱ ወንበር ላይ ሕፃኗን ታቅፌ ተቀምጬ ነበር።